ዓሣው መውጫ ሲያጣ

ርካሽ ነገር እወዳለሁ። ነጋዴ በመሆኔ ይህ ብዙም አያስደንቅም፤ እንጀራዬ በርካሽ ገዝቶ ሻል ባለ ዋጋ መሸጥ ነው። በጥቅምትና በኅዳር የሰሊጡ ሂላ (የታሰረው ነዶ ክምር) ደርቆ ሲራገፍ እገዛለሁ፤ ገበያው ቀና ሲል አወጣለሁ። የእኔ ፍቅር ግን ከንግድም ያልፋል። ያልደከምኩበት፣ ጎንበስ ብዬ ብቻ ያነሣሁት ነገር ከሁሉ ይልቅ ይጥመኛል። ሻጩ ሳልከራከረው ዋጋውን ሲቀንስልኝ የሚሰማኝን ደስታ ለንስሐ አባቴ ነግሬ አላውቅም፤ ኃጢአት ነው ብዬ አስቤ አላውቅምና። ዛሬም ኃጢአት ነው ለማለት አልደፍርም። ሆኖም ከዚያ ደስታ ጀርባ ምን እንዳለ እንድመለከት ያስገደደኝ አንድ ወንዝ አለ።

ከጎንደር ተነሥቶ አዘዞንና አይከልን አልፎ ቁልቁል ወደ ገንዳ ውሃ የወረደ ሰው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ጋቢው ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ የጤፉ ማሳ በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ይተካል። ሽንፋ ከዚያ ወደ ቋራ አቅጣጫ ሲሄዱ የሚገኝ ከተማ ነው፤ ስሙን ከወንዙ ጋር ይጋራል። ወንዙ ከጣና በስተምዕራብ ካለው ከፍታ ይነሣል። ድንበሩን ሲሻገር ራሃድ ተብሎ ከዓባይ ጋር እስኪገናኝ ድረስ በሱዳን ሜዳ ይጓዛል። በክረምት ጭቃ ተሸክሞ፣ ግንድ እያንከባለለ ሲወርድ ያየው ሰው በሚያዝያ ቢመለስ «ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ?» ማለቱ አይቀርም። በጋው ሲጠና ፍሰቱ ይቆማል፤ ወንዙም ይቆራረጣል። የሚቀረው አሸዋና ጠጠር፣ በመካከሉም እዚህና እዚያ የቀረ ኩሬ ነው። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፍ ሲጀምር ኩሬው ከሳምንት ሳምንት ሲያንስ በዓይን ይታያል።

እኔም መንጠቆ ይዤ ወንዝ መውረድ የጀመርኩት በዚህ ወቅት ነው። የሰሊጡ ግዢ ካለፈ በኋላ የነጋዴ ቀን ይረዝማል። በጥር ውሃው ገና ተያይዞ ሳለ ዓሣው አይጨበጥም፤ ትሉን በልቶ መንጠቆውን ባዶውን ይመልስልኛል። በመጋቢት ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ቀረሶው፣ ነጭ ዓሣውና አምባዛው በጥቂት ክንድ ስፋት ውሃ ውስጥ ይታጨቃሉ። ሁለት ልጆች አሮጌ አጎበር ግራና ቀኝ ይዘው ኩሬውን አንዴ ከዳር እስከ ዳር ቢያቋርጡት የማዳበሪያ ከረጢት ይሞላሉ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ገነት ነው። ወንዙ በበጋ እጁ የሚፈታ፣ በድርቅ ጊዜ ለሰው የሚያስብ ይመስለኝ ነበር።

ገበያውም ይህንኑ ያጠናክራል። የወንዙ መቆራረጥ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቆይ፤ ገበያው ላይ ግን ክርክር የለም። ሁዳዴ ሲገባ የዓሣ ፈላጊ ይበዛል። ትኩሱ ካልተሸጠ ተሰንጥቆና ደርቆ ቋንጣ ይሆናል፤ የዓሣ ቋንጣ ደግሞ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲሻገር የኖረ ሸቀጥ ነው። እንግዲህ ዓሣው አብዝቶ የሚፈለገው ወንዙ እጅግ በሚያንስበት ወር ነው፤ በዚያው ወር ደግሞ በቀላሉ ይያዛል። ፍላጎትና አቅርቦት እንዲህ ተቀጣጥረው ሲገናኙ ያየ ነጋዴ ምን ይላል? «ተመስገን» ይላል፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ግን አንድም ቀን ተመስገን ሲሉ አልሰማኋቸውም። ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ከእኔ በተሻለ ያጠምዳሉ። ታዲያ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ሲንቦጫረቁ ይውሉና፣ ከመታጠፊያው ላይ ገደሉ ሥር ያለውን ጥልቅ ኩሬ አይነኩም። እዚያ ውስጥ እጅ የሚያህል ቀረሶ ሲገለባበጥ ከዳር ሆኖ ይታያል።

«አባባ፣ እዚያ ጥልቁ ውስጥ ብዙ አለ እኮ፤ ለምን አይሞክሩትም?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። መሄጃ አጥቶ ነው ያለው» አሉኝ።

«መሄጃ ካጣማ መያዝ ነው!»

ሳቁብኝ። «በረት የገባ ከብት ጭራውን ብትይዝ አዳኝ ነኝ ትላለህ?»

የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብዬ ተውኩት። የተናገሩት ነገር ተመልሶ እስኪመጣብኝ ድረስ ክረምትም በጋም አልፏል፤ የመጣው ደግሞ በስልክ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ዴንቨር ይኖራል። መኪና ነድቶ ያድራል፤ በዕረፍቱ ቀን ደግሞ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች ወጥቶ ትራውት የሚባል ዓሣ ያጠምዳል። ትራውት ቀዝቃዛና ፈጣን ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። ወንድሜ ትል አይጠቀምም፤ በላባና በክር ዝንብ አስመስሎ የተሠራ መንጠቆ በውሃው ላይ ያሳርፋል። ዓሣው በራሪ ነፍሳት ያረፈ መስሎት ብቅ ሲል ይያዛል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስሰማ ግን ስልኩን ልዘጋበት ደርሼ ነበር፤ ይለቀዋል። «ይዘህ ከለቀቅከው ለምን ያዝከው?» ስለው «ጋሼ፣ አይገባህም» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እስከ ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

በእነሱ በጋ፣ በሐምሌ ወር፣ እኛ ጭቃ ስንረግጥ ደወለልኝ። «ዛሬ በጊዜ ተመለስኩ ጋሼ፤ ውሃው ሞቀብኝ» አለ።

«ስንት ዲግሪ ሆነ?»

«20ን አለፈ።»

ሽንፋ ቁጭ ብሎ በ20 ዲግሪ ሞቀ ለሚል ሰው የማይስቅ የለም። እሱ ግን አልሳቀም። ትራውት ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን እንደሚጨነቅ፣ ውሃው ጥቂት ዲግሪ ከጨመረ እንደሚሞት፣ በሞቀ ውሃ ታግሎ የደከመ ዓሣ ቢለቀቅ እንኳ ብዙ ጊዜ እንደማይተርፍ አስረዳኝ። ሞንታና በሚባለው ግዛት የወንዙ ሙቀት ለሦስት ተከታታይ ቀናት 23 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መንግሥት ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ማጥመድ ይከለክላል። ለሁሉም ነው፤ ሀብታም ቱሪስትም ሆነ የመንደሩ ሰው መንጠቆውን ይሰበስባል።

«በሙቀት ጊዜ መያዙ ይከብዳል ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ይቀላል። ወንዙ ሲሞቅ ዓሦቹ ቀዝቃዛ ምንጭ የሚገባበትን ቦታ ፈልገው እዚያ ይታጨቃሉ። ቆመህ ብትወረውር ሁሉም ያንተ ነው። ግን እዚያ ቦታ መጣል ነውር ነው፤ ሌላ መሄጃ የላቸውማ።»

ሌላ መሄጃ የላቸውም። ከገደሉ ሥር የሰማሁት ቃል በሌላ አፍ፣ ከሌላ ክፍለ ዓለም ተመልሶ መጣ። አንዱ ተናጋሪ ቀን ሙሉ በ40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላው በረዶ ከሚቀልጥበት ወንዝ ዳር የቆመ ወጣት ነው። ሁለቱ ቢገናኙ በምን ቋንቋ እንደሚያወሩ አላውቅም፤ በዚህ ነገር ግን ተስማምተው ያድሩ ነበር።

ወንድሜ ቴርሞሜትር በሰው ላከልኝ። በበጋው ከሰዓት በኋላ ኩሬ ውስጥ ስነክረው ከ30 በላይ ቆመ። ከዚያ ወዲህ የውሃ ትምህርት ማንበብ ጀመርኩ። ውሃ በቀዘቀዘ ቁጥር ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ በሞቀ ቁጥር ያጣል። በባሕር ወለል ከፍታ በ10 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ ከ11 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ20 ወደ 9፣ በ30 ደግሞ ወደ 7 ከግማሽ ይወርዳል። ችግሩ በዚህ አያበቃም። ዓሣ ሙቀቱን የሚያገኘው ከውሃው ነውና ውሃው ሲሞቅ የራሱም አካል ይፈጥናል፤ የሚያስፈልገው ኦክስጅንም ይጨምራል። ፍላጎቱ ሲያድግ አቅርቦቱ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ለነጋዴ ማብራራት አያስፈልግም።

የወንድሜን ምክር እንዳለ ብወስደው ኖሮ ግን በሽንፋ ላይ እሳሳት ነበር። በሚፈስ ቀዝቃዛ ወንዝ ላይ ደህናው ሰዓት ንጋት ነው፤ ሌሊቱ ውሃውን አቀዝቅዞታል። በቆመ ኩሬ ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ነው። አረንጓዴው አልጌ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ሲሰጥ ይውላል፤ ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ተንፋሽ ነው፤ ከዚያችው ከቀረችው ይሻማል። ስለዚህ በቆመ ውሃ ኦክስጅን የሚያንሰው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ቀረሶው አፉን ከውሃው ጫፍ ላይ አውጥቶ ሲከፍት ሲዘጋ የሚታየው በዚያ ሰዓት ነው። እኔ በማለዳ ወርጄ በቅርጫት የማነሣቸው፣ «የጠዋት ዓሣ ገር ነው» እያልኩ የምደሰትባቸው፣ እነዚያ ነበሩ። ገር አልነበሩም፤ እየታፈኑ ነበር።

ሁሉም ዓሣ እኩል አይታፈንም። ትራውት በአገራችንም አለ፤ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች፣ በዌብና በዳንካ፣ ተለቅቋል። ያ ዓሣ አንድ ቀን እንኳ ሽንፋ ቢመጣ አይመሽለትም። ቀረሶ ብዙ ይችላል፤ አምባዛ ደግሞ ከሁሉ ይጸናል። አምባዛ በራሱ ውስጥ አየር የሚስብበት ተጨማሪ አካል አለው፤ ውሃው ሲበላሽ ብቅ ብሎ ከላይ ይተነፍሳል፤ ጭቃ ብቻ በቀረበትም ጊዜ ይቆያል። ለዚህ ነው በግንቦት የመጨረሻዎቹ ኩሬዎች ውስጥ የሚገኘው እሱ ብቻ የሚሆነው። ያ ብርታቱ ከድርቅ ያድነዋል፤ ከሰው እጅ ግን አያድነውም። በጭቃ ውስጥ በእጁ የሚይዘው አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው።

በዚህ ወንዝ ዳር እንዲህ የተደሰትነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኔቸር በተባለው ሳይንሳዊ መጽሔት ላይ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን መሪነት የወጣ ጥናት «ሽንፋ–መተማ 1» ስለተባለ ጥንታዊ የሰፈራ ቦታ ይተርካል። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት በሱማትራ ደሴት ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከሰው ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ብናኝ እስከዚህ ድረስ መጥቶ በአፈሩ ውስጥ ቀርቷል። ከዚያ ብናኝ በታችና በላይ ያለው አፈር የሰዎቹን ማዕድ ይናገራል። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ኬሚስትሪ አየሩ ይበልጥ እንደደረቀ ያሳያል። በዚያው ወቅት ዓሣ ከሚበሉት እንስሳ ውስጥ የነበረው ድርሻ ከ14 በመቶ ወደ 52 በመቶ ዘልሏል። ወንዙ ተቆራርጦ ኩሬ ሲሆን ዓሣው ቀለላቸው፤ በሉም፤ ተረፉም።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የእኔን ርካሽ ወዳድነት ጥንታዊ የዘር ሐረግ ያገኘሁለት መሰለኝ። ግን ጥናቱ ከዚያ ይቀጥላል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ሰዎቹ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው ተጓዙ፤ ተመራማሪዎቹ እንዲህ ዓይነቶቹ በጋ ላይ የሚቆራረጡ ወንዞች የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣባቸው መንገዶች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። ጥቂት ነበሩ፤ ማሳም ቤትም አልነበራቸውም፤ ጨርሰው ይሄዱ ነበር። እኛ ግን ብዙ ነን፤ ባጃጅና የጎንደር ገዢ አለን፤ የጨረስነውን ጨርሰን እዚያው ቁጭ እንላለን።

ጎረቤት ወንዛችን ጓንግም በሱዳን በኩል አትባራ ተብሎ ይኸው ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 በአትባራ ደረቅ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ ዓሣ፣ አዞና ጉማሬ ተጨናንቆ አይቷል፤ እሱም ዘንግ ይዞ ትልልቅ ዓሣ አውጥቷል። ጁን 23 ሌሊት ግን ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎች «ወንዙ መጣ!» እያሉ ሮጡ። በነጋታው በአሸዋው ፈንታ ሙሉ ወንዝ ይፈስ ነበር። ከዚያ ጭንቅ የተረፈው ዓሣ ሁሉ በአንድ ሌሊት አገር ተለቀቀለት። የሽማግሌው ሒሳብ በሙሉ ያረፈው በዚያች ሌሊት ላይ ነው፦ ምን ያህል ይደርሳል?

የሽንፋው የገደሉ ሥር ኩሬ ግን አንድ ዓመት ለዚያች ሌሊት አልደረሰም። በሁዳዴ ማለቂያ ሰሞን ገበያ ወጥቼ የዓሣ ዋጋ ወርዶ አገኘሁ። እጄ ወዲያው ወደ ኪሴ ገባ። «ዛሬ ምነው ረከሰ?» ስል «ብዙ ተገኘ» አለኝ ሻጩ። ክምሩን ስመለከት ጣት የማይሞሉ ጫጩቶች ከትልልቆቹ ጋር ተደባልቀዋል። መንጠቆ እንዲህ አይለቅምም፤ አጎበርም ከጥልቅ አይደርስም። ከደጋ የመጣ ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣው ኦክስጅኑን መጠቀም ያቅተዋል፤ ትንሽ ትልቅ ሳይል ሁሉም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ዓሣን በመርዝ ማጥመድ የተከለከለ ነው፤ አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ካወጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል። አዋጁ ግን ሌሊት ገደል ሥር አይወርድም። ሽማግሌው ለስንት ዓመት ያልነኩት ኩሬ በአንድ ሌሊት አለቀ፤ የእሳቸው መታቀብ የሌላ ሰው ገበያ ሆነ።

ያን ጊዜ ይህ ነገር ከዓሣ አልፎ ወደ እኔው ንግድ ገባብኝ። በሚያዝያ 2015 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ሰው በመተማ ዮሐንስ በኩል ይጎርፍ ጀመር። ካርቱም ውስጥ ደህና ኑሮ የነበራቸው ሰዎች በድንበሩ ከተማ መንገድ ዳር ዕቃቸውን ዘርግተው ቆሙ፤ ስልክ፣ ጄኔሬተር፣ ወርቅ። አንዲት እናት የወርቅ አምባር ይዛ መጣችና ዋጋ ነገረችኝ። ጎንደር ብወስደው ስንት እንደሚያወጣ በልቤ አስልቼ ጨርሻለሁ። ያው የድሮው ደስታ ደረቴ ውስጥ ሲነሣ ተሰማኝ፤ ከእሱም ጋር የሽማግሌው ሳቅ መጣ። አምባሩን መልሼ ሰጠኋትና «አልገዛም» አልኳት። ጨዋ ሰው መሆኔን ለራሴ እየነገርኩ ጥቂት እንደራቅሁ ሌላው በአነሰ ዋጋ ወሰደው።

ይህን ነው መናዘዝ የምፈልገው። እኔ በዚያች ቀን እጄን አላቆሸሽኩም፤ እሷ ግን ለእኔ ከነገረችኝ ዋጋ ባነሰ ሸጠች። ሽማግሌው ኩሬውን አልነኩትም፤ ኩሬው ግን ሞተ። የወንዙ ትምህርት አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ነገር ሲቀልል ምክንያቱን ጠይቅ የሚል ነው፤ በዝቶ ነው የቀለለው ወይስ መውጫ አጥቶ? ሰሊጡን ገና በማሳ ላይ እያለ የሚሸጥልኝ ገበሬ ምርት በዝቶበት አይደለም፤ ለአረም ሠራተኛ የሚከፍለው አጥቶ ነው። መንገድ ሲዘጋ ሽንኩርት የሚረክሰው አዝመራው ስላማረ አይደለም። ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢታቀብ ለሚቀጥለው ሰው ማዕድ ማዘጋጀቱ ነው። ሞንታና መንጠቆውን የሚሰበስበው የሁሉም ሰው ልብ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ስለሚዘጋ ነው።

የጣና ዓሣ አጥማጆችም ይህን ዋጋ ከፍለውበታል። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ማብቂያ ለመራባት ወደ ርብ፣ ጉማራና ሌሎች ወንዞች ይወጣሉ። በወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ መያዛቸው ይቀልላል፤ መረቡ የሚዘረጋውም እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥራቸው በእጅጉ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። የአንዱ ጀልባ መቅረት ያን አያቆመውም ነበር።

ሕግ ደግሞ ከባሕር ማዶ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ። የጓሳን ሣር ማኅበረሰቡ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ለዓመታት ዘግቶ ያቆይና በችግር ጊዜ በስምምነት ይከፍታል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ተናግቶ ነበር፤ እንደገና በማኅበረሰቡ መተዳደሪያ ደንብ ቆሟል። ሣርን በድርቅ ጊዜ እንኳ ሳይጣላ ማካፈል የቻለ አገር ኩሬን ማካፈል አያቅተውም ብዬ አምናለሁ።

ይህን በቡና ላይ ሳነሣ የመጣብኝ መልስ ግን ቀላል አልነበረም። «የራበው ልጅ አለ፤ ኩሬ ይጠበቅ ትላለህ?» አለኝ አንዱ። «ማንስ ሌሊት ያድርበታል?» አለ ሌላው። ሁለቱም ልክ ናቸው። መልሱን ያገኘሁት ሽማግሌው ሲያጠምዱ የነበሩበትን ቦታ መለስ ብዬ ሳስብ ነው። እሳቸው የሚያጠምዱት ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነበር። ያ ውሃ ሚያዝያን አይሻገርም፤ ውስጡ ያለው ዓሣ ሰው ባይበላው ሽመላ ይበላዋል፤ ሽመላ ባይበላው ፀሐይ ያደርቀዋል። እሱን መልቀም በረት የገባ ከብት መያዝ ቢሆንም ጉዳት የለውም፤ ልጆቹ ይብሉት። የማይነካው ዝናብ እስኪመጣ የሚቆየው ጥልቁ ብቻ ነው። ይህ ሁሉንም ዝጉ ከማለት ይለያል፤ ከብዙ ኩሬ ጥቂቱን መተው ነው።

የሚተወውም በከንቱ አይደለም። አንዲት ትልቅ እንስት አምባዛ ጎርፉ ሣሩ ላይ ሲወጣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። አብዛኛው ይጠፋል፤ ግን ከግንቦት ጭቃ ያልወጣች አንዲት አምባዛ በሚቀጥለው ጥር በወንዙ ሙሉ የምትበተን ነች። ሌሊት ማን ይጠብቀዋል ለሚለው ጥያቄም ዘበኛ ከመቅጠር በፊት የሚሠራ ሥራ አለ፤ ጥልቁ ኩሬ የትኛው እንደሆነ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በስም እንዲያውቀው ማድረግ። ማንም የማያውቀው ኩሬ ቢመረዝ የሚጠይቅ የለም። የታወቀ ኩሬ በተመረዘ ጠዋት ግን ገበያ ላይ ጫጩት ዓሣ ያዘለ ክምር ሲታይ ሻጩ ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል፤ የገዢውም እጅ እንደ እኔ እጅ ቶሎ ኪሱ አይገባም።

ስለዚህ በመጪው ጥር፣ ውሃው ሳይቆራረጥ፣ ረጅም ዘንግ ይዘን የወንዙን ወገብ እንለካለን ብለናል። ሽማግሌው መንገዱን ያሳዩናል። ዘንጉን የሚይዙት ደግሞ አጎበር ይዘው ኩሬ ሲያጸዱ የኖሩት ልጆች ናቸው፤ የትኛው ኩሬ እስከ ሰኔ እንደሚዘልቅ ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።